የምትሄደውና የምትመጣው፤ ስለ መብራት አምልኮና ስለ ካህናቷ የተደረገ ጥናት

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚባለው የምናብ ጨዋታ ዓለም ውስጥ ሚስትራ የምትባል የአስማት አምላክ አለች። በዚያ ዓለም ያለ አስማት ሁሉ የሚተላለፈው እሷ በምትጠብቀው በአንድ የማይታይ ድር በኩል ነው። ጠንቋዩም ጠቢቡም ድሩን ሳይነካ እሳት አይጭርም። እሷ የሞተች ጊዜ ድሩ ይበጣጠሳል፤ አስማት ይከዳል፤ ጠንቋዮችም ባዶ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ይውላሉ። ለፈረንጅ አንባቢ ይህ ትልቅ መዓት ነው። አዳማ የሚኖር ሰው ግን ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታዲያ መቼ ትመጣለች አሉ?»

ይህ ጥናት ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በተለይም በአዳማ፣ መብራት በሚል ስም የምትታወቀውን አምላክ እምነት፣ ሥርዓትና ክህነት ይመረምራል። የጥናቱ ናሙና እኔ፣ አከራዬ፣ የግቢው ሦስት ተከራዮችና አንድ ፍሪጅ ነን። ፍሪጁ በጥናቱ መካከል በማረፉ ከመጨረሻው ትንተና ወጥቷል። አምልኮው ከነባሮቹ ሃይማኖቶች ጋር እንደማይጋጭም አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል፤ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ድምፅ ማጉያ ላይ እኩል ስለምትሄድ በአድልዎ የሚከሳት የለም።

ስለ ፆታዋ ሊቃውንት አልተስማሙም። ሰዋስዉ «ጠፋ፣ መጣ» እያለ ወንድ ያደርጋታል። የግቢያችን ሴቶች ግን ሲቆጡም ሲናፍቁም «ደግሞ ሄደች?» ነው የሚሉት፤ እኔም የእነሱን ይዣለሁ። ጎረቤቴ በኦሮምኛ «ኢብሳን በዴ» ብሎ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ «ኢብሳን ዱፌ» ብሎ ይነሣል። በሁለቱም ቋንቋ ልብ የሚባለው ነገር ማንም ምእመን «ተቋረጠ» አለማለቱ ነው። ተቋረጠ የማስታወቂያ ቃል ነው። የሚቋረጥ ገመድ ነው፤ የሚሄድና የሚመጣ ግን ወይ ሰው ነው፣ ወይ ከሰው በላይ የሆነ። የት ሄዳ እንደምትቆይ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

የትውልድ ስፍራዋን በተመለከተ ክርክር የለም። በእርግጥ ቀደም ብላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ታይታ ነበር፤ ያ ግን ለነገሥታት የተደረገ መገለጥ ነው። ለሕዝብ በሰፊው የቀረበችው ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ ቆቃ ላይ በተሠራው፣ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ ነው። ጉልበቱ 43.2 ሜጋ ዋት። በንስሐ ገንዘብ የተወለደች አምላክ በሌላ አገር መኖሯን እጠራጠራለሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት ብለው ሰይመው ስለነበር፣ ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ ገሊላ ሲባል መልክዓ ምድሩ ተሟላ። የጎደለው ተአምር ነበር፤ እሱም በሽቦ መጣ። ያው የአዋሽ ውኃ ቆቃ ላይ ካገለገለ በኋላ አዳማን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ አዋሽ 2ን ያዞራል፣ ቀጥሎም አዋሽ 3ን፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። ሦስት ጊዜ ቀድሶ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ የሚሰወር ወንዝ ነው፤ ትሕትናውን ከዚያ መገመት ይቻላል።

በውኃ ብቻ አልቆመችም። ከዝዋይ እና ከላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው አሉቶ ተራራ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በምድር እንፋሎት እንድትገለጥ ተደረገ። ለ7.3 ሜጋ ዋት የታሰበው ጣቢያ ብዙ ሳይቆይ ዝም አለ፤ ከዓመታት በኋላ በከፊል ተናገረ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብቶች 34 የነፋስ ተርባይኖች በ2004 ዓ.ም.፣ 102 ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ከፈጣኑ መንገድ ላይ ሆኖ ለሚያያቸው ነጭ ለብሰው ለማኅሌት የቆሙ ይመስላሉ።

የአዳማ ምእመን ከባድ የእምነት ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ጨልሟል። ፊቱን ወደ ኮረብታው ያዞራል። ክንፎቹ እየዞሩ ነው።

ለዚህ ፈተና የሚሰጠው መልስ «ትምህርተ ድር» ይባላል፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በትምህርቱ መሠረት በአዳማ የሚወለድ ኃይል የአዳማ አይደለም። ወደ አንዱ ብሔራዊ መረብ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ የቆቃው ከጊቤው፣ የነፋሱ ከውኃው አይለይም። የኔ ኮረብታ ነፋስ ድሬዳዋ ላይ ማራገቢያ ያዞር ይሆናል፤ እኔ አንድ ሻይ ያፈላሁበት ከኦሞ ወንዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ውብ ነው። ጣጣው ጉድለቱም የጋራ መሆኑ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ሲያንስ ፈረቃ ታወጀ፤ ቆቃን በእግሩ ሄዶ ማየት የሚችል ሰው ሩቅ ደቡብ ውስጥ ዝናብ በማነሱ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አምላኳ እጅግ ገዝፋለች። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ወደ 119 ቆቃ ማለት ነው። ከግቢያችን በር እስከ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ያለችው ገመድ ግን ያችው ናት፤ ሁለት ቦታ ተቀጥላ፣ አንድ ቦታ የሕፃናት ካይት ተጠምጥሞባት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለውን ተረት አባቶቻችን ትራንስፎርመር ሳያዩ እንዴት እንደደረሱበት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ወደ ክህነቱ እንምጣ። በ1948 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፤ በኋላ ኮርፖሬሽን ተባለ። በ2006 ዓ.ም. ታላቁ መለያየት ሆነ። አንዱ ወገን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ ማመንጨቱንና ከፍተኛውን መስመር ያዘ፤ ሌላው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ማከፋፈሉንና ሒሳብ መሰብሰቡን ወሰደ። በሌሎች ሃይማኖቶች ከዚህ ያነሰ ልዩነት ጉባኤ አስጠርቷል፣ አስወግዟል፣ ደም አፋስሷል። እዚህ ግን ምእመናኑ ነገሩን ልብ አላሉትም። ዛሬም ሁለቱን አንድ አድርገው «መብራት ኃይል» ይላሉ።

ከታች ካሉት ካህናት አንጋፋው ቆጣሪ አንባቢ ነው። በወር አንዴ በር ያንኳኳል፤ ውሻ ይታሰርለታል፤ ቆጣሪው ሥር ቆሞ አንገቱን አቅንቶ ቁጥር ይጽፋል። ከኑዛዜ የሚለየው ተናዛዡ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ካህኑ ሁሉን ማወቁ ነው። የካርድ ቆጣሪ ከመጣ ወዲህ ማዕረጉ እየሳሳ ሄዷል፤ ምእመኑ አሁን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ካርዱን ይሰካል፣ ኃጢአቱን በኋላ ቀስ ብሎ ይሠራል። ምሰሶ የሚወጣው ካህን ደግሞ አለ፤ እግሩ ላይ ጥርስ ያለው ብረት አስሮ፣ ወገቡን ከባሕር ዛፉ ጋር በቀበቶ አያይዞ ሲወጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከሥሩ ይሰበሰባል። ያለ ማጋነን፣ ያ ሰው ከሁላችን የተሻለ ክብር ይገባዋል። እሱ የሚነካውን እኛ ለመጥራት እንኳ እንፈራለን።

የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ሹመት የለውም፤ ቴስተር ግን አለው። ይህች ጫፏ ሲነካ የምትበራ ካቻቢቴ መስቀሉ ናት ማለት ይቻላል። ግድግዳውን ወጋ አድርጎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ «ፌዝ ነው የጠፋው» ይላል። እዚህ ላይ አንባቢ መጠንቀቅ አለበት። ወደ ሰፈር የሚገባው ኃይል በሦስት ፌዝ ተከፍሎ ስለሚመጣ፣ አንዱ ፌዝ ሲሄድ የመንገዱ ማዶ ቤቶች እያበሩ የእኛ ወገን ይጨልማል። ሳይንሱ ይኸው ነው። ቋንቋችን ግን ለዚህ ነገርና ለማላገጥ አንድ ቃል የሰጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ማዶ ያለው ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ኳስ ሲያይ፣ እኔ ሻማ ይዤ «ፌዝ ነው» የሚለውን ቃል በሁለቱም ፍቺ ተረድቼዋለሁ።

ነገር ግን የአምልኮው እውነተኛ ሊቀ ካህናት አከራይ ናት። ቆጣሪ የሌለው ሰው ወደ አምላኳ በቀጥታ መድረስ አይችልም፤ በእትዬ በኩል ነው። የእኔዋ እትዬ ሕጉን ቤቱን ባሳየችኝ ቀን በቃል ነገረችኝ፦ አምፖል ይፈቀዳል፤ ስልክ ቻርጅ ይፈቀዳል፤ ካውያ በሳምንት አንድ ቀን፤ ምጣድ በተራ፤ ስቶቭ ፈጽሞ። «ስቶቭ ቆጣሪ ያስሮጣል ልጄ» አለችኝ። የሚገርመው ሳይንሱ ከእሷ ጋር መሆኑ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ይህም ባለ 9 ዋት አምፖል ከ300 በላይ ማለት ነው። የእትዬ የራሷ ምጣድ በዚህ ስሌት አይካተትም፤ ለምን እንደማይካተት የጠየቀ ተከራይ አሁን ሌላ ግቢ ነው የሚኖረው። እትዬ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ቡና እየለቀመች፣ ከቆጣሪው መስታወት ኋላ የሚዞረውን ብረት በዓይኗ ትከተላለች። ፍጥነቱን አይታ ማን ምን እንደሰካ ታውቃለች። «ያ ልጅ ሂተር ሰክቷል» ትላለች። ሰክቷል።

ከሥርዓቶቹ ዋናው የመሄጃዋ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ዝምታ፤ ቀጥሎ ከየቤቱ «ኤጭ!»። ከዚያ ሁሉም ወደ ደጅ ይወጣል፤ የሚወጣው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «የኛ ብቻ ነው?» ይህ ጥያቄ የእምነቱ ሁሉ መሠረት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ሰው ይጽናናል፤ ወንበር ያወጣል፤ ወሬ ይጀምራል። የኛ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ፍርድ ነው፤ ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ አንዱ ተከራይ ስቶቭ ሰክቷል። በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት እትዬ በየበሩ ትዞራለች።

መሄጃዋ ከሊጥ ጋር የተያያዘ ነው የሚል እምነትም አለ። ሊጡ አብሲት ገብቶለት ኩፍ ሲል፣ ምጣዱም መጋል ሲጀምር ትሄዳለች። እኔ ይህን እንደ አጉል እምነት ለመጻፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በኋላ ግን ሳስበው ምክንያት አለው። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚጋግሩት በተቀራራቢ ሰዓት ነው፤ ምጣዶቹ አንድ ላይ ሲሰኩ 220 መሆን ያለበት ቮልት ይከሳል፣ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይቀላል፣ በመጨረሻም ትራንስፎርመሩ እጁን ያነሣል። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ሊጥን አይታገሥም። እንጀራ ሻጮች ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «መጣ!» የሚል ድምፅ ሲሰሙ የሚነሡት ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው በጭስ የለሽ ዕጣን ይታጠናል፤ የትኩስ እንጀራ ሽታ ነው።

መናፍቃንም አሉ፤ ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ጄኔሬተር የሆቴሎች ሃይማኖት ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ በመሆኗ፣ ንግግር አድራጊው አፉን ከፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚጠብቅበት ጸጥታ በብዙ አዳራሾች የተለመደ የጸሎት ክፍል ሆኗል። የስኳር ፋብሪካዎች የአገዳ ገለባ እያነደዱ የራሳቸውን አምላክ ያበጃሉ። ከዝዋይ መንገድ ዳር በጆንያ የሚሸጠው ከሰል ደግሞ የጥንቱ ሃይማኖት ነው፤ ቡናን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። ሶላር ላይ ያሉት ብዙ አያወሩም፤ ያበራላቸዋል መሰለኝ።

ስለ ፍሪጁ ልናገር። ስትሄድ ሶኬት መንቀል እንደሚገባ ሕፃን ያውቃል፤ ስትመለስ ናፍቆቷ ከልክ ያልፋልና። እኔ ያን ቀን ለጥናቱ ማስታወሻ እየያዝኩ ረሳሁ። «መጣ!» ሲባል ፍሪጁ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ከውስጡ የጎማ ሽታ ወጣ፤ አበቃ። ጥፋቱ የኔ ነው። እትዬ ቀብር እንደ ደረሰ ሰው እጇን አጣምራ ቆመችና «ነቅለኸው ነበር?» አለችኝ። አልነቀልኩም ብዬ አልመለስኩም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ይህን የመጨረሻ አንቀጽ የምጽፈው በስልኬ ባትሪ ብርሃን ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ የአምፖሉ ማብሪያ እንደ ደንቡ እንደ በራ ተትቷል፣ መምጣቷን እንዲነግረን። ሻይ አምሮኝ ነበርና ሌላም ነገር ሰክቼ ትቻለሁ። አሁን ማዶ አንድ ልጅ ጮኸ፤ አምፖሉ በራ፤ ከአልጋው ሥር ያለው ጠምዛዛ ሽቦም ቀስ እያለ መቅላት ጀመረ። ወዲያው የእትዬ በር ተከፈተ፤ ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል፤ ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የሰካኸው?»

«ጥናት ነው፣ እትዬ።»