የጫካ ኑሮ በፈቃድ

ቡሽክራፍት በትንሽ መሣሪያ ጫካ ውስጥ የመኖር ጥበብ ነው፤ ትንሹ መሣሪያ ግን ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። በእንግሊዝ አገር ከሥልጣኔ የሚሸሽ ሰው አስቀድሞ የባለመሬቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህ ነፃ የሆነው የዳርትሙር የጋራ ግጦሽ መሬት ሲሆን፣ ይህንንም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል።

መጠለያው አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ግራና ቀኝ ጭራሮ፣ በላዩ ክንድ የሚያህል የደረቅ ቅጠል ክምር ነው። ቅጠል አየር አምቆ ሙቀት ይይዛል። መሬት የሰውነትን ሙቀት ስለሚመጥ ከሥርም በወፍራሙ ይነጠፋል፤ ጀማሪው ይህን የሚረዳው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

እሳቱ የሚጫረው በ«ጥንታዊው» ዘዴ ነው፤ ማለትም ኦስትሪያዊው ኬሚስት አውየር ፎን ቬልስባክ በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባወጣበት የብረትና የሴሪየም ቅይጥ። እንጨቱ ከረጠበ ላይተር አለ፤ ፎቶ ሲነሳ ግን ከኪስ አይወጣም።