ጎታች በዝምድና አይመጣም

እንግሊዝ አገር መኪና የሚነዳ ሀበሻ «ብሬክዳውን ከቨር፣ መኪናህ መንገድ ላይ ሲቆም ጠጋኝ ወይም ጎታች የሚልክልህ ሽፋን፣ አለህ ወይ?» ሲባል መልስ አያጣም። መልሱ ግን መኪናውን ከመንገድ አያነሳለትም። ስለዚህ ዛሬ የምሰማቸውን መልሶች አንድ በአንድ እየያዝኩ መልስ እመልሳለሁ። ቃሌ ቢሾልም ክፋት የለበትም፤ ሌሊት ልጆችህን ይዘህ ኤም 25 ሞተርዌይ ዳር እንዳትቀር ብዬ ነው።

«መኪናዬ ጃፓን ሠራሽ ነው፤ አይበላሽም!»

ጃፓን መኪናውን ሠራች እንጂ መንገድ ላይ የወደቀውን ምስማር አልሠራችም። ያ የምትመካበት ፕሪየስም ቢሆን ከትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ትንሹ በብርድ ጠዋት ከወረደ፣ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ደግሞ የኋላውን ክፈትና እይ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ የምታገኘው ትንሽ መንፊያና አንድ ብልቃጥ ማጣበቂያ ነው። ጎማው ከጎኑ ከተቀደደ ብልቃጡ አያድንህም። አይበላሽም ያልከው መኪና ሳይበላሽም ይቆማል።

«ኢንሹራንስ አለኝ እኮ!»

ኢንሹራንስህ የሚያውቅህ ስትጋጭ ነው፤ ስትቆም አያውቅህም። ሕጉ ግዴታ ያደረገው ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ሞተር ሲጠፋ ሰው መላክ፣ ለብቻው ካልጨመርክበት በቀር፣ የእሱ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ከመግዛትህ በፊት ቤትህን ፈትሽ። በየወሩ የሚከፈልባቸው አንዳንድ የባንክ ሂሳቦች ይህን ሽፋን አብረው ይሰጣሉ። አዲስ መኪና ሲገዛም አምራቹ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጠው ሽፋን ሊኖር ይችላል። በኪራይ መኪና የምትሠራ ከሆነ አከራይህን ጠይቅ። በእጅህ ያለውን ነገር ደግመህ ከገዛህ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ ተወድዶብሃል።

«የማውቀው መካኒክ አለ፤ ከደወልኩለት ይመጣል።»

መካኒኩን እግዜር ይስጠው! ግን እሱ ለንደን ተኝቷል፣ አንተ የቆምከው ሌስተር አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና ሲቆም አላፊ አግዳሚው ይገፋል። ኤም 1 ላይ ያለው አላፊ ብቻ ነው፤ አግዳሚ የለም። በእግር መሄድ ክልክል በሆነበት መንገድ ማን ወርዶ ይግፋህ? ጓደኛህ ደርሶ ከኋላህ ቢቆም ሁለት መኪና ቆመ እንጂ አንድ መኪና አልዳነም።

«ሲበላሽ እገዛለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ብዙው ውል ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። መንገድ ዳር ሆነህ ብትደውል አንዱ «አይሆንም» ይልሃል፤ እሺ ያለህም ተጨማሪ ያስከፍልሃል። መኪናህን ፖሊስ ካስነሳው ደግሞ ተደራድረህ የምትቀንሰው ነገር የለም፤ ተመኑ በሕግ የተቆረጠ ነው። በ2023 በወጣው ተመን፣ መንገድ ላይ የቆመና ያልተጎዳ ተራ መኪና ማንሻው ብቻ 192 ፓውንድ ነው፤ ማቆያው ለብቻው በየቀኑ ይቆጥራል። የዓመት መሠረታዊ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል።

«በጣም ርካሽ አገኘሁ!»

እሰይ! በል አሁን የማይመጣበትን ቦታ ንገረኝ። እዚህ ላይ ዝም የማይል ሰው አላጋጠመኝም፤ ዋናው ጉዳይ ግን ይኸው ነው።

ርካሹ ውል ብዙ ጊዜ የመንገድ ዳር እርዳታ ብቻ ነው። ከቤትህ ሩብ ማይል ሳትርቅ ከቆምክ፣ የቤት ሽፋን ካልጨመርክ አይመጣልህም። ባትሪ ደግሞ የሚወርደው የት ነው? ማታ ባቆምክበት፣ እደጅህ! ሥራ ልትሄድ ቁልፍ አዙረህ ዝም ሲልህ የገዛኸው ውልም አብሮ ዝም ይልሃል።

መንገድ ላይ ሲሆን ይመጣል። መጠገን ካቃተው ግን በመሠረታዊው ውል የሚጎትትህ አብዛኛውን ጊዜ 10 ማይል ያህል ወይም እስከ ቅርቡ ጋራዥ ነው። ለሰርግ ከለንደን ሊድስ እየሄድክ ነው እንበል። ከኋላ ወንበር የሙሽራዋ አክስት፣ ከኋላቸው እንጀራውና በፎጣ የታሰረው የዶሮ ወጥ ድስት። ዓርብ ሌሊት ጎታቹ ከአንድ የማታውቀው ከተማ ጋራዥ በር ላይ ያወርድሃል። ጋራዡ ቅዳሜ ይከፍት እንደሆነም አታውቅም። ረጅም መንገድ የምትሄድ ከሆንክ መኪናውንና ሰዎቹን አገር ውስጥ ወደፈለግከው ቦታ የሚያደርሰውን ሽፋን ግዛ። ተተኪ መኪና፣ ባቡር ወይም ማደሪያ የሚከፍለውም ለብቻው የሚጨመር ነው። ስንት ተሳፋሪ እንደሚያነሱም ጠይቅ፤ የኛ መኪና ባዶ ወንበር ይዞ ሰርግ አይሄድም።

ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዳው ግን ለዚህ ሁሉ አትክፈል። ላንተ የሚጠቅምህ መንገድ ዳሩና የቤቱ ሽፋን ነው።

ሌላም አለ። ያው ብልሽት በደንብ ሳይጠገን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተደገመ ብዙዎቹ አይመጡም። ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ከቀዳህ፣ ቁልፍ ከጠፋብህ፣ መኪናው ካረጀ፣ በዓመት ከተፈቀደልህ በላይ ከጠራሃቸው፣ ውሉ ምን እንደሚል አስቀድመህ አንብብ።

«መጀመሪያ እኔ እከፍላለሁ፤ ኋላ ይመልሱልኛል።»

ይመልሱልሃል፤ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርድህ ውስጥ ስንት አለ? እንዲህ ያለው ውል ርካሽ የሚሆነው መጎተቻውን ከራስህ ኪስ ከፍለህ ደረሰኝ ልከህ መጠበቅ ከቻልክ ነው። የቁጠባ ገንዘብ ላለው ጥሩ ነው። ከወር እስከ ወር በጭንቅ ለሚደርስ ሰው ግን በጥቂቱ የሚወደደው ይሻለዋል።

«ታክሲ እንደምሠራ አልነገርኳቸውም።»

አንተ ባትናገር መኪናህ ይናገራል! የትራንስፖርት ፎር ለንደን ክብ የፈቃድ ምልክት ከፊትና ከኋላ መስታወትህ ላይ ተለጥፎ ማንን ትሸውዳለህ? አብዛኛው የግል ሽፋን ሰው በክፍያ የሚያመላልስ መኪናን አይቀበልም፤ ምግብና ዕቃ በማድረስ ለሚሠራም እንደዚያው ነው። የሚመጣው ሠራተኛ ምልክቱን አይቶ ቢመለስ የምትከራከርበት ነገር የለህም። ለሥራ መኪና የሚሆን ሽፋን አለ፤ ይወደዳል። የቀን ገቢህ በዚያ መኪና ላይ ሆኖ በውሸት ውል ከምትነዳ ግን እሱን ክፈል።

«እኔ ትልቁን ስም ነው የምገዛው።»

ስም ጎማ አይቀይርም። አር ኤ ሲ በ1897፣ ኤ ኤ በ1905 ተመሠረቱ፤ ሁለቱም በየመንገዱ የራሳቸው ጠጋኞች አሏቸው። እንደ ግሪን ፍላግ ያሉት ደግሞ በዋናነት በየአካባቢው ካሉ ጋራዦች ጋር ይሠራሉ። በሁለቱም መንገድ ሰው ይመጣል። ትልቅ ስም ይዘህ ትንሹን ውል ከገዛህ የሚመጣልህ ትንሹ ውል ነው። ስማቸውን ትተህ የሽፋኑን ደረጃ አወዳድር።

«እኔ እኮ መኪናውን የማወጣው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሼ፣ ባትሪ የሚገድለው መቆም ነው! ሳምንቱን ሙሉ የማይነሳ መኪና እሁድ ጠዋት እምቢ ይልዎታል። ለእርስዎ የቤት ሽፋኑ ይበቃል። ከልጆችዎ ጋር እየተሳፈሩ የሚሄዱም ከሆነ ለመኪናው ሳይሆን ለሰው የሚገዛውን ሽፋን ይጠይቁ። እሱ በማንም መኪና ቢሳፈሩ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል። ቤት ውስጥ መኪና ነጂው ብዙ ከሆነም የቤተሰብ ውል በየግል ከመግዛት ሊረክስ ይችላል፤ ልጆችዎ ያስሉልዎት።

«በየዓመቱ ራሱ ይታደሳል፤ አላስብም።»

አንተ ካላሰብክ እነሱ ያስቡልሃል፤ ዋጋውን ከፍ አድርገው! ማሳሰቢያው ሲደርስህ ሌላ ቦታ የተሰጠህን ዋጋ ይዘህ ደውል፤ ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ። ገዝተህ ከቆጨህም ለመሰረዝ 14 ቀን አለህ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የነፍስ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሞተርዌይ ላይ መኪናህ ከቆመ የአደጋ መብራት አብራ፣ ሰዉን ሁሉ በግራ በር አውርድ፣ ከብረት አጥሩ ጀርባ ይቁም። ልጆችን እጃቸውን ያዝ። አገር ቤት ከኋላ ድንጋይና ቅጠል መደርደር ለምደናል፤ እዚህ ሞተርዌይ ላይ ሦስት ማዕዘን ምልክት እንኳ ማቆም አይፈቀድም፤ ለማስቀመጥ ስትሄድ ትገጫለህና። አደጋ ላይ ከሆንክ 999 ደውል። የት እንዳለህ ካላወቅክ በየ100 ሜትሩ የተተከለውን አጭር ምሰሶ እይ። ላዩ ላይ ቁጥር አለ፣ ቀስቱም ወደ ቅርቡ የአደጋ ስልክ ያመለክትሃል። የውል ቁጥርህንና የደንበኞች ስልካቸውን ስልክህ ላይ ብቻ አትተው፤ ባትሪው ቢያልቅስ? ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ።

ዛሬ ማታ ውልህን አውጣና «አይሸፍንም» የሚለውን ገጽ አንብብ፤ እንግሊዝኛው ከከበደህ ልጅህን አስነብብ። ውል የሌለህ ደግሞ ከዋጋው በፊት የማይመጡበትን ጠይቅ። ርካሽ ሽፋን ማለት አንተ በምትነዳበት መንገድ፣ በምትነዳበት ሰዓት የሚመጣልህ ነው፤ የማይመጣ ከሆነ በአንድ ፓውንድም ውድ ነው።