ለማን ነው የምታስካካው?

ዶሮ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ሰው ጉዳዩን ወደ ራሱ ይወስደዋል። አውራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ «ኩኩሉ!» ሲል «ተነሡ እያለን ነው» እንላለን። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ስታስካካ «ኑና ውሰዱልኝ ማለቷ ነው» ብለን እንተረጉማለን። ከዚህ በፊት ያልሰማነውን ድምፅ ያወጣች ዕለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ወይ መዓት ሊመጣ ነው፣ ወይ እንግዳ ሊመጣ ነው እንላለን። ዶሮዋ ከእኛ ሌላ የምታነጋግረው ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን ወደ አእምሯችን አይመጣም። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ጥንታዊ ስፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች እንደሚያሳዩት ዶሮ አገራችን የገባችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን ስለ ሥጋዋ ያላወቅነው ነገር የለም፤ አሥራ ሁለት ቦታ እንዴት እንደምትበለት ጠንቅቀን እናውቃለን። ስለ ወሬዋ ግን ብዙም አልተጨነቅንም። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ የጓሮ ዶሮ እንግዳ ድምፅ የሚገባን «ምን አለች?» ብለን ስንጠይቅ ሳይሆን «ለማን አለች?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ዶሮ አድማጭ አላት፤ ከአድማጮቿም መካከል እኛ ብዙውን ጊዜ የለንበትም።

ማስረጃውን ከአደጋ ጥሪዋ እንጀምር። የቤት ዶሮ ዋና የዘር ግንድ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ኒኮላስ ኮሊያስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 የዚህን ወፍ ድምፆች ዘርዝሮ ሲያወጣ 24 ያህል የተለያዩ ጥሪዎች ቆጥሯል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የአደጋ ጥሪዎች ናቸው፤ አንዱ ከሰማይ ለሚመጣ፣ ሌላው በምድር ለሚመጣ። በእኛ ጓሮ ቋንቋ አንዱ ለጭልፊት፣ ሌላው ለሸለምጥማጥ መሆኑ ነው። ክሪስ ኢቫንስና ፒተር ማርለር ከባልደረቦቻቸው ጋር የተቀዳውን ጥሪ ብቻ፣ ጭልፊትም ሆነ ሌላ አውሬ በሌለበት፣ በድምፅ ማጉያ ለሴት ዶሮዎች አሰሟቸው። የሰማዩን ጥሪ የሰሙት ጎንበስ ብለው ወደ መጠለያ ሮጡ፣ ወደ ላይም አንጋጠጡ። የምድሩን የሰሙት አንገታቸውን አስግገው ግራና ቀኝ ቃኙ። ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ጭልፊት ያየ አውራ ዶሮ ብቻውን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ አጠገቡ ሴት ዶሮ ካለች ግን ይጮኻል። ከእሱ በማዕረግ ያነሰ ሌላ አውራ ቅርብ ሲሆንማ ጥሪው ይረዝማል። ምናልባት ጭልፊቱ ከመጣ አይቀር ምርጫ ይኑረው ብሎ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «ይህ ሁሉ ደመ ነፍስ ነው፤ ዶሮ ደነገጠች፣ ጮኸች፣ አለቀ።» ድንጋጤ ብቻ ቢሆን ኖሮ አድማጭ መኖር አለመኖሩ ለውጥ ባላመጣ ነበር። ጣቱን ምጣድ ያቃጠለው ሰው ቤቱ ውስጥ ማንም ባይኖርም «ወይኔ!» ይላል። አውራ ዶሮ ግን ከመጮኹ በፊት ማን እንዳለ የሚያይ ይመስላል። የጥሬው ጥሪ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አውራው ጥሬ ሲያገኝ እያነሣ እየጣለ በፈጣን ድምፅ ሴቶቹን ይጠራል፤ ሴት በሌለችበት ግን ጥሪው ይቀንሳል። አንዳንዴም ሴቲቱ ራቅ ብላ ከቆመች ወይም እንግዳ ከሆነች፣ መሬት ላይ የሚበላ ነገር ሳይኖር «ነይ፣ ድግስ አለ» ብሎ የሚጠራበት ጊዜ ተመዝግቧል። ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አድማጭ የሌለው ፍጡር ማንን ያታልላል? ሴቶቹም ቢሆኑ እንዲሁ ሮጠው የሚመጡ ሞኞች አይደሉም። የጥሬ ጥሪ ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ መሬት ያወርዳሉ፤ ጥሬ መኖሩን አስቀድመው ያወቁት ግን ለጥሪው ብዙም ግድ አይሰጣቸውም። የሚያውቁትን ነገር ሲደግሙላቸው የሚሰለቹ አድማጮች ናቸው ማለት ነው፤ በስብሰባ ከምናውቃቸው ብዙ አድማጮች ይሻላሉ።

«እሺ፣ ኩኩሉውስ? እሱ እንኳ ለፀሐይና ለእኛ ነው» የሚል ይኖራል። ለፀሐይ አለመሆኑን ጃፓን ናጎያ ውስጥ ሺሙራና ዮሺሙራ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይተዋል። አውራ ዶሮዎችን ንጋትና ምሽት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቢያኖሯቸውም በሰዓታቸው መጮኻቸውን አልተዉም፤ ሰዓቱ በውስጣቸው ነበር። ለእኛም አለመሆኑን ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጡት ጥናት ይነግረናል፤ አብረው ከሚኖሩት አውራዎች መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃው ነው፣ የቀሩት በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። ዶሮ ማዕረግ እንዳላት፣ ማን ማንን በማንቁሩ እንደሚወጋና ማን ዝም ብሎ መወጋትን እንደሚቀበል፣ ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎታል። እንግዲህ ሌሊት የምንሰማው «ተነሡ» ሳይሆን «ይህ ጓሮ ባለቤት አለው» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ የተላከውም ለጎረቤት አውራ ነው። ጎረቤት የሆነ ሰው ግን ለእሱ የተላከ ሊመስለው ይችላል። ፈረንሳይ ኦሌሮን ደሴት ላይ ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ እንቅልፍ ነሣን ባሉ ጎረቤቶች ሳቢያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርዱ ለዶሮው ወገን ሆነ። በ2021ም የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ በዚያች አገር ወጣ። አስቂኙ ነገር ጩኸቱ አውራውን ራሱን የማይረብሸው መሆኑ ነው። የቤልጂየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ማንቁሩን በሰፊው ከፍቶ ሲጮኽ የጆሮው ቀዳዳ ይጠባል፣ የታምቡሩንም ገሚስ ለስላሳ ሥጋ ይሸፍነዋል። ሌላውን እያደነቆረ ራሱ የማይደነቁር ተናጋሪ ሲፈጠር የመጀመሪያው አይደለም፤ እሱ ቢያንስ በተፈጥሮው ነው።

አሁን ወደ እንግዶቹ ድምፆች እንምጣ፤ «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። የታቀፈች ዶሮ ላባዋን ነፍታ ስታጉረመርም ታመመች የሚሉ አሉ፤ አልታመመችም፣ ወደ እንቁላሏ የተዘረጋውን እጅ እያስጠነቀቀች ነው፤ እዚህ ላይ አድማጩ በእርግጥ እኛ ነን። ብቻዋን ተኝታ በለሆሳስ የምታጉተመትመው ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ ጫጩት ከቅርፊቱ ሳይወጣ፣ ወደ 21ኛው ቀን ሲቃረብ፣ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል፣ እናቱም ትመልስለታለች። እንቁላል ጥላ የምታስካካውን በተመለከተ ቶማዞ ፒዛሪና ቲም በርክሄድ እ.ኤ.አ. በ2001 ጥያቄውን ልክ እኛ እንዳነሣነው አንሥተውት ነበር፦ ለማን ነው? ከመልሶቹ አንዱ ከመንጋዋ ተለይታ ስለቆየች «የት ናችሁ?» ማለቷ ነው ይላል፤ ሌላው ለአውራዎቹ «አሁን ጊዜው አይደለም፣ ተዉኝ» ማለቷ ነው ይላል። «እንቁላሌን ጥበሱልኝ» የሚል መልስ ያቀረበ ግን የለም። ከመጣሏ በፊት ረጅም የምሬት ድምፅ የምታሰማውን ደግሞ ሆላንዳውያን አጥንተውታል፤ የፈለገችውን ነገር እያየች የተከለከለች ዶሮ ድምፅ ነው። እንዲህ ስትሰሙ ዶሮዋን ትታችሁ እንቁላል የምትጥልበትን ሣጥን እዩ፤ መልሱ ሣጥኑ ውስጥ ተመቻችታ የተቀመጠችው ሌላዋ ናት። ሴት ዶሮ እንደ አውራ ስትጮህም በብዙ አገር እንደ መጥፎ ምልክት ተቆጥሮ አንገቷ ይቆረጣል። ምክንያቱ አንዳንዴ የሰውነት ነው፤ ዶሮ የሚሠራላት የግራ እንቁልጢ ብቻ ስለሆነ እሱ ሲጎዳ የወንድ ሆርሞን ሊበዛባት ይችላል። አንዳንዴ ግን መንጋው አውራ በማጣቱ ጠንካራዋ ሴት ቦታውን ትይዛለች። አውራውን ለበዓል አርደን ስናበቃ በተተኪዋ መደንገጥ ትንሽ ያሳፍራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሳይንሱ ወገን ይመጣል። አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች የዶሮ ድምፅ ቅጂ አዳምጠው፣ ዶሮዋ ደስ የሚላትን ነገር እየጠበቀች ይሁን ወይም ከፍቷት ይሁን እንዲለዩ ተጠየቁ። 69 በመቶው በትክክል ለዩ፤ ከዶሮ ጋር ኖረው የማያውቁ ጭምር። «ታዲያ ይገባናል ማለት አይደለም?» ትሉ ይሆናል። ይገባናል፤ ግን በጆሮ ጠቢ ደረጃ ነው። ጆሮ ጠቢ ግድግዳ ተደግፎ ሲያዳምጥ ጭቅጭቅ ይሁን ሳቅ መለየት አያቅተውም፤ የተሰደበው እሱ ይሁን ጎረቤቱ ግን አያውቅም። ስሜት ከድምፅ ይሰማል፤ ጉዳዩ የሚታወቀው ማን ከማን ጋር እንደቆመ ሲታይ ነው። ለዚህም ነው የዶሮን ድምፅ ለመረዳት ከጆሮ ይልቅ ዓይን የሚጠቅመው።

«ለማን?» ብሎ የመጠየቁ ሕግ ሥራ ላይ የሚውልበት አንድ ከባድ ቦታ አለ። ንግግር የሆነ ድምፅ አድማጭ ሲቀየር ይቀየራል፤ ጭልፊቱ ሲሄድ ይቆማል፣ ሣጥኑ ሲለቀቅ ይበርዳል። ማንም ኖረ አልኖረ፣ ቀን በጓሮ ሌሊት በቆጥ ላይ፣ ሳይለወጥ የሚቀጥል የማንኮራፋት፣ የማስነጠስ ወይም የፉጨት ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ግን ለማንም የተነገረ አይደለም፤ የመተንፈሻ ችግር ነው። ፈንግል እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ ያልተከተቡ ዶሮዎች ውስጥ ከገባም ጓሮውን ባዶ አድርጎ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተለየችውን ለይቶ ማቆየትና የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ስለሚመረት ሰበብ የለም። እንግዲህ ትልቁ ስሕተታችን ሁለት ዓይነት መሆኑን አስተውሉ፦ ለሌላ የተነገረውን ለእኛ ነው እንላለን፣ ለማንም ያልተነገረውንና እኛን የሚያስፈልገውን ደግሞ «ዶሮ ናት፣ ትጮኻለች» ብለን እናልፈዋለን።

በመጨረሻ «መጨረሻዋ ድስት ለሆነ ፍጡር ይህን ሁሉ መጨነቅ ለምን?» የሚለው ይቀራል። ዶሮ ወጡ በምንም አይነካም፤ ይህን ለማረጋጋት ያህል እናገራለሁ። ነገር ግን እስከ ድስቱ ድረስ ያለው ጊዜ የእንቁላል ጊዜ ነው፤ እንቁላሉም ጭልፊት ካልነጠቃት፣ ፈንግል ካልጨረሳት፣ ሣጥን ካልጠበባት ዶሮ ነው የሚገኘው። ሦስቱንም ድምፅዋ ቀድሞ ያሳብቃል፣ ለእኛ ባይነገርም። እኛን በስማችን የምታነጋግርበት ጊዜ ደግሞ ጥሬ ይዘን ስንወጣ ነው፤ ያን ጊዜ መንጋው በሙሉ እየተንጫጫ ይከበናል። ይህን ፍቅር ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ነገ ባዶ እጁን ይውጣና የሚከቡትን ይቁጠር።