ክንድ የማይሞላው አደራ

ሰው ልጁን፣ ቤቱን፣ የዕቁብ ገንዘቡን አደራ ይላል። አብሮ አደጌ አገር ቤት ሊከርም ሲነሳ እኔን አደራ ያለኝ ግን ዛፍ ነው፤ ያውም በሳህን ተተክሎ የሚያድግ፣ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ ቦንሳይ። ዋሽንግተን አጠገብ እኔ የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቶ፣ በረንዳዬ ላይ አስቀምጦት፣ «ምንም አይፈልግም» ብሎኝ ሄደ።

ዝርያው ትራይደንት ሜፕል ነው፤ ቅጠሉ እንደ ዶሮ እግር ሦስት ጣት አለው። ብርድ ሲመጣ ቀልቶ ይረግፋል። ይረግፋል ስላችሁ፣ መርገፍ ነበረበት ማለቴ ነው። ጓደኛዬ ለእንግዳ ይታይልኝ ብሎ የብርዱን ወራት ሁሉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ማሞቂያው ሥር አኑሮታል። እንዲህ ያለ ዛፍ ካልበረደው አያርፍም፤ ካላረፈ ደግሞ ለጸደይ አቅም አይተርፈውም። በዚያ ላይ በአንድ ዓመት ሥሩን ቆርጦ ሳህን ቀይሮለታል፣ በሽቦ ጠፍሮታል፣ ቅጠሉ እንዲያንስ ብሎ በበጋ ሙልጭ አድርጎ ለቅሞታል። ከሦስቱ አንዱን ጤነኛ ዛፍ ይችለዋል።

ቀንበጡን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ቡናማ፣ ደረቅ። ዝቅ ብዬ ፋቅሁ፤ አሁንም ቡናማ። ግንዱ ጋ ስደርስ ግን እርጥብ አረንጓዴ ብቅ አለ። ነፍስ አለው። ታች በኩል አንድ ሁለት ቀላ ያሉ ለጋ ቀንበጦችም አውጥቷል። ችግሩ ውሃ ሳጠጣው አፈሩ ላይ ተኝቶ መቅረቱ ነው። ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ቦንሳይ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ልውሰደው ብዬ ኡበር ጠራሁ። ሾፌሩ የአገሬ ልጅ ነው። በመስተዋቱ አየኝ፣ ቀንበጦቹን አየ፣ እንደገና አየኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ጫት ነው እንዴ?»

አይደለም ብለው አላመነኝም። «ለማንኛውም ሸፈን አድርገው» ብሎ መከረኝ።

ነጋዴው ገና ዛፉን ሲያይ መቀስ አነሳ፤ እዚህ ቢቆረጥ፣ እዚያ ቢታጠፍ ሊለኝ። ቅርጽ ማውጣት የጠገበ ዛፍ ወግ ነው። የእኔው ለቁርጥ የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። አካዳማ የሚባለውን የጃፓን ጠጠር መሰል ሸክላ አፈር ብቻ ገዝቼ ወጣሁ።

መንገዴን ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት መናፈሻ አደረግሁ። ጃፓን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት 53 ቦንሳይ ሰጥታ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ እዚያ ያለው፣ ከ1625 ጀምሮ ሲገረዝ የኖረ ነጭ ጥድ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲፈነዳ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ተረፈ። ይህ የታወቀው በ2001 የባለቤቱ የልጅ ልጆች ሊያዩት ሲመጡ ነው። ያ አቶሚክ ቦምብ ችሏል፤ የእኔው ቴሌቪዥን አቅቶት ይሞታል።

ቤት እንደገባሁ የበሰበሰውን ሥር ብቻ አንስቼ፣ ጤነኛውን ሳልነካ፣ ሰፋ ያለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተከልሁት። ውሃው እንዲወርድም በአንድ ጎኑ ሽብልቅ አስገብቼ አጋደልሁት። ጠዋት ስነሳ ሣጥኑ ቀጥ ብሏል፣ ሽብልቁ የለም። መለስሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ለካ ሽብልቁን የሚያነሱት ከደብረ ብርሃን የመጡት አማቴ ናቸው። «ተዛንፎ ሳየው ልቤ አያርፍም» አሉ። ሌላ ቀን የቡና አተላ ደፍተውበት አገኘሁ፤ ያን ሁሉ በሻይ ማንኪያ እየጨለፍሁ አወጣሁ።

በመጨረሻ ሽቦውን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ምን በድሎ ታሰረ?»

«ቅርጽ እንዲይዝ ነው፣ እማማ።»

«በሞት አፋፍ ላይ ቅርጽ! ጌሾ እንኳ ሲለቀም ለነፍሱ ይተውለታል።»

ከሥራ ስመለስ ሽቦውን በወጥ ቤት መቀስ ቆራርጠው ጥለውታል። ቦንሳይ አዋቂዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሽቦ ቢተረተር ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ቢቆራረጥ ግን አይጎዳም። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። ሽቦው ልጣጩን በልቶ ጠመዝማዛ ጠባሳ ትቷል።

ከዚያ በኋላ መቀስ አልነካውም። ቀንበጥ እንደልቡ ሲረዝም ቅጠል ያበዛል፤ ቅጠሉ ከፀሐይ ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩ ሥሩንና ግንዱን ይመልሳል። ጫፉን የቆረጡት ዕለት ይህ ሁሉ ይቆማል። ማዳበሪያም የሰጠሁት አዲሱ ቅጠል ከጠነከረ በኋላ ነው። በበጋው መጨረሻ ቀንበጦቹ የበረንዳውን ብረት አልፈው ወጡ። መልክ የሚባል ነገር የለውም።

ለጓደኛዬ ፎቶ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ፦ «ይሄ ቦንሳይ ነው? ቁጥቋጦ አይደል እንዴ!»

ልክ ነው፣ ቁጥቋጦ ነው። ሁለት ጸደይ እስኪያልፍም ቁጥቋጦ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ረግፎ ቅርንጫፉ ሲገለጥ ስለ ቅርጽ እንነጋገራለን። እስከዚያ ዛፉን አልሰጠውም፤ ከፈለገ ይክሰሰኝ።