ስለ ሪባን ቆረጣው ምስጋና የቀረበበት ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

አማራጭ ጽሑፍ ማለት በድረ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ምስል ጋር ተያይዞ የሚጻፍ፣ ለሚያይ ሰው የማይታይ፣ ነገር ግን ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ስክሪን ሪደር የተባለው ፕሮግራም ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ የሚያነበው አጭር መግለጫ ነው። ክፍሉ ይህን ሙያ አሳምሮ እንደሚያውቅ የኃላፊው የምረቃ ፎቶግራፍ ይመሰክራል፤ «ክቡርነታቸው ሰማያዊ ከረባት አድርገው በፈገግታ ሪባን ሲቆርጡ» ተብሎ ተጽፎለታልና፣ ለከረባቱ ቀለም ሳይቀር ስለተደረገው ጥንቃቄ ምስጋና ይገባል።

ፈቃድ ለማደስ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች የዘረዘረው ማስታወቂያ ግን፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ ያለ አንዳች መግለጫ ስለተለጠፈ፣ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ የሆነው ዓይነ ስውር ባለጉዳይ የሰማው የፋይሉን ስም፣ ማለትም «ስካን ዜሮ ዜሮ አራት» የሚለውን ብቻ ነበር። በአካል ቀርቦ ሲጠይቅ በመስኮቱ ያሉት ሠራተኛ «ድረ ገጻችን ላይ አለ፤ ገብተው ያንብቡት እንጂ!» ሲሉ መከሩት። እንደማያይ ሲያስረዳቸው ድምፃቸውን አለስልሰው፣ አብሮት ወደ መጣው የእኅቱ ልጅ ዞረው «የሚያነብለት ሰው የለውም እንዴ?» አሉ፤ ባለጉዳዩ ራሱ ቢመልስም ቀጣዩን ጥያቄ አሁንም ለልጁ አቀረቡ፦ «ፊርማስ ማን ይፈርምለታል?» በዚህ መካከል ከኋላው ከተሰለፉት አንዱ፣ ጉዳዩ ሌላ መስሎት፣ አሥር ብር በመዳፉ አስጨበጠው። ልጁ ይህን ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ይህ ውርደት ነው፤ ሌላ ስም የለውም! ባለጉዳዩ ግብር ከፋይ ነው፤ የጠየቀውም የሰነድ ዝርዝር እንጂ ምጽዋት አልነበረም።

ወደ ምስጋናው ለመመለስ ያህል፣ ክፍሉ ለጌጥ ብቻ የገባውን የአበባ ሥዕል «አበባ» ከሚለው ይልቅ መግለጫውን ባዶ ቢተወው ስክሪን ሪደሩ አልፎት ይሄዳል፤ የመፈለጊያውም ምልክት «አጉሊ መነጽር» ከሚባል ሥራው «ፈልግ» ተብሎ ቢነገር ይጠቅማል። ማስታወቂያ ደግሞ ከነጭራሹ ምስል ሊሆን አይገባውም፤ በፊደል ቢተየብ ለሁሉም ይነበባል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ኢንተርኔት ጭምር ተደራሽ እንዲሆን ያዛል።

ባለጉዳዩ የእድሳቱ ጊዜ ስላለፈበት የተጣለበትን ቅጣት ከፍሏል። የመጨረሻው ቀንም ሆነ የቅጣቱ ልክ የተገለጹት በዚያው ምስል ውስጥ ነው።

ከሰላምታ ጋር