ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ላይ ስለሚደረግ የባሕር ዳርቻ ጉዞ፦ ጥናታዊ ማስታወሻ

ወደ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ባሕር ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ባሕር ባላቸው አገሮች የተስፋፋ ነው። እኛ ዘንድ አይሠራም። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ባሕር የለንም፤ በዓልና እሑድ በተገጣጠሙ ቁጥር ግን ባለኮፍያው ሁሉ ነጠላ ጫማውን ይዞ ወደ ዳርቻ ይወርዳል። አማርኛው ለዚህ አስቀድሞ ተሰናድቶ ነበር። ከጣና ሐይቅ ዳር ያለውን ከተማ ባሕር ዳር፣ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብሎ የሰየመ ሕዝብ በአንድ ወደብ ምክንያት ሽርሽር አይሰርዝም።

ጥናቱ የሚመለከተው ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚወስደውን 275 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዳርቻው ከባሕሩ ይህን ያህል ርቆ መሰቀሉ ከሻርክ ለመጠበቅ ያለው ጥቅም አያጠራጥርም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ውኃ መውጫ በሌላት አገር መገኘቱን አጥኚው መዝግቦ አልፏል።

ናሙናው አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ነው። አጥኚው በጋብቻ የተጨመረ በመሆኑ ገለልተኝነቱ የተጠበቀ ነው። መነሻው ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተብሎ ነበር። ይህ ሰዓት የባለቤቴ አክስት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ቡናውን መቁላት የሚጀምሩበት እንጂ መኪናው የሚንቀሳቀስበት አለመሆኑ የተደረሰበት 3 ሰዓት ላይ ነው።

የባሕር ዳርቻ መንገድ ባሕሩን በመስኮት እያሳየ የሚወስድ ነው ይባላል። የእኛው ከሞጆ ወዲያ የሚያሳየው ሽንኩርት ነው። ቲማቲምና ሐባብም ያሳያል፤ ዋናው ግን ሽንኩርት ነው። መቂ ላይ እትዬ መኪናውን አስቆሙ።

«እትዬ፣ ስንመለስ እንገዛዋለን» አለ ሹፌሩ።

«ስንመለስ ይወደዳል፣ ልጄ።»

በዚህም ምክንያት ሁለት ኬሻ ሽንኩርት ላንጋኖን አይቶ፣ ሐዋሳ ሁለት ሌሊት አድሮ ተመልሷል። በናሙናው ውስጥ ጉዞውን ያለ ቅሬታ የፈጸመው እሱ ብቻ ነው።

የጥናቱ እምብርት ላንጋኖ ላይ የተካሄደው የውኃ ሙከራ ነው። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ ማኪያቶ ወዳድ ሰው አይከፋበትም። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ለዋና የታመነ ነው። የደጋ ሰው ከውኃ ጋር ያለው ቅርበት በሱሪ ጥቅልል ተለክቷል። ያላገቡ ወንዶች እስከ ጉልበት፣ ያገቡ እስከ ቁርጭምጭሚት ገቡ፤ ልጅ ያቀፉ እናቶች የአንድ እግር አውራ ጣት አስነኩ። እትዬ በጣታቸው ጠቅሰው አማተቡ። ልጅነቱን በዋና እንዳሳለፈ ከቢሾፍቱ ጀምሮ ሲተርክልን የመጣው የባለቤቴ ወንድም ዳር ቆሞ ሐይቁን አተኩሮ ካየ በኋላ «ዛሬ ፊቱ ልክ አይደለም» ሲል ወሰነ። ሁሉም ሰው ግን ፎቶ ተነሥቷል፤ በፎቶው ላይ ከወገብ በታች አይታይም። ራሳቸውን ውኃ ውስጥ የደፈቁት የአካባቢው ልጆች ብቻ ነበሩ። እነሱ ለመዝናናት ስላልመጡ ከናሙናው ወጥተዋል።

ሐዋሳ የገባነው ሲመሽ ነው። እራት ላይ ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ማንም የሚያውቀው ስለሆነ፣ አንደኛው ወገን ገበያውን ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ሌላኛው ወገን ገበያ ንስሐ አባት እንዳልሆነ አስገነዘበ። እትዬ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ «እኔ አልበላም። እናንተ ብሉ፤ የማያችሁ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። ሽሮ ታዘዘ።

ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ወረድን። መረብ ይፈታል፣ ቆሮሶና አምባዛ ይደረደራል፣ ቢላዋ የያዙ ወጣቶች ዓሣውን በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ይገፉታል። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ጉሮሮውን አንጠልጥሎ፣ ርስት እንደተነጠቀ ባላባት ከበላያችን ቆሟል። ከሚጣለው አንጀት ድርሻውን ያውቃል፤ ወረፋ ግን አያውቅም። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚቆርጡ ደፋሮች አሉ። እኛ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሙሉውን በዘይት ተጠብሶ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር የቀረበውን መረጥን። ለጥቂት ጊዜ ንግግር ጠፋ። እዚህ ላይ አጥኚው ሙያዊ ርቀቱን መጠበቅ አልቻለም፤ ጣፋጭ ነበር፤ ሐተታ አያስፈልገውም። እትዬ ሁለት ቆሮሶ ጨርሰው የሦስተኛውን ጭንቅላት ሲቆረጥሙ ተገኝተዋል።

ጀልባውም ነበረ። ጉማሬው ሁለት ጆሮ አሳየን፤ ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ጆሮው አቅጣጫ አጋደለ፤ ባለጀልባው ጮኸ፤ ተመለስን። ጥልቀቱ 20 ሜትር ከሚያልፍ ሐይቅ ላይ ሆነን ዋና የሚችል እጁን እንዲያወጣ ቢጠየቅ የባለቤቴ ወንድም የጉማሬ ፎቶውን ሲያስተካክል ነበር።

እሑድ ስንመለስ አምስት ኪሎ ፊሌቶ በበረዶ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ሥር ገባ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ብሂል በተሽከርካሪ ላይ የተፈተነው በዚህ አጋጣሚ ነው። የእኛ ዓሣ አናት አልነበረውም፤ አናቱን አባ ኮዳ በልቶታል። ግማቱ ግን ሻሸመኔን ሳንለቅ ጀመረ። ዝዋይ ላይ ሹፌሩ መስኮቶቹን በሙሉ ከፈተ፤ ተሻለን።

መቂ ደረስን። ሻጮቹ ሽንኩርቱን እያነሡ ዋጋ ጮኹ፤ ዓርብ ከገዛንበት ረክሷል። እትዬ መስኮቱን ቀስ አድርገው ዘጉት። ሌሎቻችንም ዘጋን። ስለ ቀሪው መንገድ የተሰበሰበ መረጃ የለም፤ አጥኚው አፍንጫውን ይዞ ነበር።