ከጠረጴዛ ሥር የተደረገ የእግር ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በአጥኚው ቤት፣ አንድ እግሩ ከታች ተሰብሮ በወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ነው። የአንድ ቃል ፍቺ በተፈለገ ቁጥር ሻዩን ማንሳት፣ ጠረጴዛውን በጉልበት ደግፎ መዝገበ ቃላቱን መሳብ ግድ ስለነበር ሥራው ከታሰበለት ጊዜ በላይ ፈጅቷል።

እንግሊዞች የራሳቸው እግር አላቸው፤ «ፉት» ይሉታል። ኳስ ለመምታትና ርዝመት ለመለካት ይበቃቸዋል። ነገሩ ከበድ ሲል ግን የራሳቸውን ትተው የግሪኮችን እግር ይዋሳሉ። የግሪኩ እግር «ፑስ» ነው፤ ሲረባ «ፖድ» የሚል ግንድ ያወጣል። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ የሚዘረጋው ትራይፖድ «ባለ ሦስት እግር» ነው። ተናጋሪ የሚወጣበት ፖዲየም «ትንሽ እግር» ነው፤ ንግግሩ ለምን እንደሚረዝም ሥርወ ቃሉ አያስረዳም። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ይገጥማል።

የሚፋለሰው እንስሳት ላይ ሲደርስ ነው። ኦክቶፐስ «ስምንት እግር» ማለት ሲሆን፣ የባሕር እንስሳት ሊቃውንት ግን ስምንቱም ክንድ ነው ይላሉ። እነዚሁ ሊቃውንት ወገኑን ሲመድቡት «ሴፋሎፖድ» አሉት፤ «ራሰ እግር» እንደማለት ነው። በስሙ ስምንት እግር፣ በአካሉ ምንም፣ በዘሩ ደግሞ ከራሱ የበቀለ እግር ያለው ሌላ ፍጡር አጥኚው አላጋጠመውም። ሲበዛ «ኦክቶፓይ» የሚሉት አሉ፤ ይህ ለግሪክ እግር የላቲን ጫማ ማጥለቅ ነው። ግሪክን አክብረው «ኦክቶፖዲስ» የሚሉትን የሚሰማቸው የለም። በዚህ ሁሉ መሀል ሐቀኛው ቀንድ አውጣ ብቻ ነው፤ «ጋስትሮፖድ»፣ ማለትም «ሆደ እግር» ተባለ፣ በሆዱም ይሄዳል።

የአውስትራሊያው ባለ ዳክዬ መንቁር እንስሳ ጉዳይ ከሙግት አይተናነስም። እ.ኤ.አ. በ1799 እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው የእንስሳውን ደረቅ ቆዳ መርምሮ፣ መንቁሩን ሰው ሰፍቶበት ይሆን ብሎ ከተጠራጠረ በኋላ «ፕላቲፐስ»፣ «ጠፍጣፋ እግር» ሲል ሰየመው። ለካ ስሙን እንጨት የሚበሳ አንድ ጥንዚዛ በ1793 ቀድሞ ወስዶታል። በሳይንስ ሕግ የቀደመ ይረታልና እንስሳው በመንቁሩ «ኦርኒቶሪንከስ» ተባለ፤ ፕላቲፐስ የሚለው የሕዝብ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አጥኚው እግር ቆጥሮ ውሳኔውን አጽድቋል፤ ጥንዚዛው ስድስት አለው።

በግሪክ አገር በእግር የተጠቀመ ሰው ቢኖር ኤዲፐስ ነው። ስሙ «ያበጠ እግር» ማለት ነው፤ በሕፃንነቱ እግሩ ተበስቶ ተጥሏል። አድጎ እግር ጥሎት ቴብስ ደጃፍ ሲደርስ ስፊንክስ የምትባል ጭራቅ መንገድ ዘግታ እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፦ ጠዋት በአራት፣ ቀትር ላይ በሁለት፣ ማታ በሦስት እግር የሚሄድ ማነው? ያላወቀ ይበላል። ባለ ያበጠ እግሩ ሰው ለእግር ጥያቄ አዲስ አልነበረምና «ሰው ነው፤ ሦስተኛው ምርኩዙ ነው» ብሎ መለሰ። በእኛ እንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» የሚለው ጠያቂው ነው፤ እዚያ ግን አገር የተሰጠው መላሹ ነው፣ ቴብስን ነገሠባት። ተከትሎት የመጣው ነገር ከእግር ጥናት ውጭ ስለሆነ ታልፏል።

አጥኚውን ያስደነገጠው ፖድካስት ነው። ዛሬ ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ የሚያዘጋጀው ይህ ነገር ቃሉ እ.ኤ.አ. በ2004 ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ብቅ ያለ ሲሆን፣ «ፖዱ» የመጣው ከአይፖድ ነው። የአይፖድ «ፖድ» ደግሞ የአተር ፍሬ የሚያድርበትን ልባስ የሚጠራው እንግሊዝኛ እንጂ የግሪኩ እግር አይደለም። እንግዲህ ፖድካስት እግር የለውም፤ ያለ እግርም ይህን ያህል ተጉዟል።

ተስፋ ቆርጦ ሻዩን ሊጠጣ ሲል አጥኚው ክርኑን ያስደገፈበትን ነገር አስተዋለ። ጠረጴዛ የግሪኩ «ትራፔዛ» ነው፤ «ጴ» ራሱ ከጴጥሮስና ከጳጳስ ጋር ቆሞ ይመሰክራል። ትራፔዛ ማለት «ባለ አራት እግር» ነው። በጂኦሜትሪ ያሰቃየን ትራፒዚየም የተገኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ የዛሬ ግሪኮችም ገንዘብ መንዛሪ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጥ ስለነበር ባንክን ትራፔዛ ይሉታል። እንግዲያው በሦስት እግርና በአንድ መዝገበ ቃላት የቆመው ዕቃ በምን ስም ይጠራ?

ጥያቄው ሳይመለስ አናጢው መጣ። ተንበርክኮ ሥሩን አየና «ጋሼ፣ በሦስት እግር ከሆነማ ዱካ ናት እንጂ ምኑን ጠረጴዛ ሆነች?» አለ። ዱካ የመቀመጫም የእግር ኮቴም ስም መሆኑን አጥኚው ሊያብራራለት ቢሞክርም ሰውየው ለአነጋገር ጊዜ አልነበረውም። የሚቀጠለውን እንጨት ለመቁረጥ መዝገበ ቃላቱን ሳብ አደረገና ሳይገልጠው ውፍረቱን በእጁ ለካ።

«አራት ጣት» አለ።